የይስሐቅ ሳቅ
ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ በፍቅርና በደስታ ስለ ማሳደግ የቀረበ ትምህርት



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ አጠገብ በምትገኝ አንዲት መንደር፣ በአንድ የገበሬ ቤት እንግዳ ሆኜ አድሬ ነበር። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የስሜንን ብርድ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ምድጃው ተጠግቷል። ራት ሊቀርብ ሲል ከጓዳ አንድ የዘጠኝ ወይም የዐሥር ዓመት ልጅ ብቅ አለ። እናቱ ደንገጥ ብላ «አንተ! ማን ውጣ አለህ?» አለችው። ልጁ ግን በአንድ እጁ ሳፋ፣ በሌላው ጆግ ይዞ ወደ እኔ ቀረበና እጄን እንድዘረጋ በዓይኑ አመለከተኝ።

አስታጠበኝ። ቀጥሎ አያቱን፣ ከዚያ አባቱን፣ ከዚያም ወንድሞቹን በየተራ አስታጠበ። ሥራው አለቀ ስንል ወደ ደጃፉ ሄደና፣ በዚያን ዕለት እህል ጭኖ ገበያ ውሎ በተመለሰው አህያ እግር ሥር ሳፋውን አስቀምጦ በኮቴው ላይ ውኃ ያፈስስ ጀመር።

ቤቱ ጸጥ አለ። እናትየዋ አንገቷን ደፋች። የሁሉም ዓይን እንግዳው ምን ይል ይሆን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በዚያች ቅጽበት አባትየው ሳይቸኩል «እውነቱን እኮ ነው! ዛሬ ከሁላችንም ይልቅ የደከመው እርሱ ነው፤ ሳይታጠብ ራት ይበላል እንዴ?» አለ። አያትየዋ ሳቁ፤ ወንድሞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከሁላችንም በላይ ግን ልጁ ራሱ ጆጉን እንደ ያዘ ከት ብሎ ሳቀ። እናትየዋም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ከእኛ ጋር ሳቀች።

ያ ልጅ ሐኪሞች ዳውን ሲንድረም ብለው የሚጠሩት ሁኔታ ያለበት ነው። እናቱ በኋላ እንዳጫወተችኝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ የምታስገባው አፍራበት አልነበረም። ከእኔ በፊት የመጣ አንድ እንግዳ ስቆበት ስለ ነበር ነው። «እኔን ቢስቁብኝ እችለዋለሁ፤ እርሱ ግን ሲስቁበት ያውቃል» አለችኝ።

እንግዲህ በዚያ ቤት ሁለት ጊዜ ተስቋል። የመጀመሪያው ሳቅ ልጁን ጓዳ አስገባው፤ ሁለተኛው ከጓዳ አወጣው። የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ በሁለቱ ሳቆች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ሌላ ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ በሚያሳድግ ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት እንደ እንጀራ በየቀኑ የሚያስፈልግ ነውና።

1. ሁለቱ ሳቆች በቅዱስ መጽሐፍ

በኦሪት ዘፍጥረት ሳቅ ብዙ ጊዜ ይነሣል። አብርሃም ልጅ እንደሚወልድ ሲነገረው በግንባሩ ወድቆ ሳቀ (ዘፍ. 17፥17)። ሣራም በድንኳኑ ውስጥ ሆና በልቧ ሳቀች (ዘፍ. 18፥12)፤ የእርሷ ሳቅ «ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል የተስፋ መቁረጥ ሳቅ ነበር። ልጁ በተወለደ ጊዜ ግን ስሙ ይስሐቅ ተባለ። በግእዝ «ሠሐቀ» ማለት ሳቀ ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሁሉ የስሙን ምሥጢር ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ሣራም እግዚአብሔር ሳቅን እንደ ሰጣት፣ ይህንም የሚሰማ ሁሉ ከእርሷ ጋር እንደሚስቅ ተናገረች (ዘፍ. 21፥6)።

ከዚህ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ሳቅ ተጽፏል፤ ሣራ የአጋርን ልጅ ሲስቅ አየችው፤ ብዙ ተርጓሚዎችም ይህን የፌዝ ሳቅ ነው ይሉታል (ዘፍ. 21፥9)። ያው አንድ ቃል፣ በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ድግስ ዙሪያ፣ በአንድ ስፍራ በረከት በሌላው ስፍራ ጠብ ሆኖ እናገኘዋለን።

የራሳችን ቋንቋም ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ያስተምረናል። ዳኛ «ፈረደለት» ሲባልና «ፈረደበት» ሲባል ሰውዬው ነጻ መውጣቱ ወይም መታሠሩ የሚታወቀው በ«ለ» እና በ«በ» ነው። እንዲሁም «ሳቀበት» እና «ሳቀለት» ይለያያሉ። ከሁለቱም የሚበልጥ ደግሞ «አብሮት ሳቀ» የሚለው ነው። የሳቁበት ልጅ ለብቻው ይቀራል፤ የሳቁለት ልጅ ሰው እንደ ወደደው ያውቃል፤ አብረውት የሳቁት ልጅ ግን የቤቱ ሰው ነው።

ስለዚህ በቤታችን ስለሚነሣው ቀልድ ሁሉ ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በዚህ ሳቅ ውስጥ ልጁ አለበትን?» የሚል ነው። ያ አባት ልጁን አላረመውም፤ አላላገጠበትምም። ይልቁንም ለልጁ ሥራ ምክንያት ሰጠው። ለደከመ ሁሉ ውኃ ይገባዋል የሚለውን የልጁን አሳብ አንሥቶ ለሁላችን አስረዳን፤ እኛም ስንስቅ ልጁ ትክክል እንደ ነበረ እየመሰከርን ነበር።

2. «ማን በደለ?» የሚለው ጥያቄ

ወቀሳ ባለበት ቤት እንዲህ ያለው ሳቅ አይበቅልም። ሴት ስትወልድ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎ ይበላል፤ እልል ይባላል። ሕፃኑ ከሌሎች የተለየ መሆኑ ሲታወቅ ግን እልልታው ይቆማል፤ ሹክሹክታ ይተካል። እርግማን ነው የሚል አለ፤ የቡዳ ነገር ነው የሚል አለ፤ የእናቲቱን ያለፈ ሕይወት የሚመረምርም አይጠፋም። ሐዋርያትም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታችን ሁለቱንም አልተቀበለም፤ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ ሊገለጥ እንዳለው አስተማራቸው (ዮሐ. 9፥1-3)። ዛሬም ይህን ጥያቄ በአንዲት እናት ላይ የምናነሣ ሁሉ፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተዘጋውን ፋይል እንደገና እየከፈትን ነው።

እውቀት ወቀሳን ያስወግዳልና ጥቂት ነገሮችን እንወቅ። ዳውን ሲንድረም በአብዛኛው የሚመጣው ሕፃኑ ገና ሲፀነስ በሴሎቹ ውስጥ 21ኛው ክሮሞሶም በሁለት ፈንታ ሦስት ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1959 በፓሪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለዓለም ያሳወቁት ነው። እናት በበላችው፣ በረገጠችው ወይም በተመኘችው ነገር የመጣ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ ደግሞ በእርግዝና፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በሕፃንነት በአንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት ይከሰታል፤ ኦቲዝምም ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ እንጂ በእናት ፍቅር ማነስ የሚመጣ አይደለም።

ለእኛ ደጋ አገር በተለይ ሊነገር የሚገባው ስለ አዮዲን ነው። አዮዲን ሰውነታችን በጥቂቱ፣ ነገር ግን ሳያቋርጥ የሚፈልገው ንጥረ ነገር ነው። በተራራማ አገር ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ባጠቡት መጠን አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ በዚያ አፈር የበቀለ ገብስና ድንችም አዮዲን ያንሰዋል። በአካባቢያችን በአንገት ላይ የሚታየው እንቅርት የዚህ አንዱ ምልክት ነው። የከፋው ጉዳት ግን በዓይን አይታይም። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ካነሳት በማኅፀኗ ያለው ሕፃን የአእምሮ እድገት ሊጎዳ ይችላል። በዓለም ላይ አስቀድሞ ሊከላከሉት ከሚቻለው የአእምሮ ጉዳት መካከል ዋነኛው ምክንያት የአዮዲን እጥረት እንደ ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ያስገነዝባል። መፍትሔው አዮዲን የተጨመረበት ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሀገራችን የወጣው ደንብም ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ያዝዛል። ጨውን በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእርጥበት አርቆ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል።

ይህን የምንማረው ለሚመጡት ሕፃናት እንድንጠነቀቅ ነው እንጂ ትናንት የወለደችውን እናት «ጨውሽ ምን ነበር?» ብለን እንድንመረምራት አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል የዮናታን ልጅ ሜምፊቦስቴ እንዴት እግሩ እንደ ተሰበረ ተጽፏል፤ የጦርነት ወሬ በመጣ ጊዜ ሞግዚቱ ተሸክማው ስትሸሽ ወደቀ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። መጽሐፉ ሞግዚቱን በአንዲት ቃል እንኳ አይወቅሳትም። ከዚያ በኋላ የሚተርክልን ንጉሥ ዳዊት ያን ሰው አስፈልጎ እንደ ልጆቹ በማዕዱ እንዳስቀመጠው ነው (2ኛ ሳሙ. 9)።

3. የተደበቀችው ልጅና ያልተደበቀችው ልጅ

ሁለት ቤተሰቦችን እናነጻጽር። ሁለቱም ስመ ጥር ነበሩ፤ ለሁለቱም ልዩ ፍላጎት ያላት ሴት ልጅ ተወለደች።

የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1287 በኢጣልያ የተወለደችው ማርጋሪታ ናት። ዓይነ ስውር ነበረች፤ ቁመቷ አጭር፣ እግሯም የተጎዳ ነበር። መኳንንት ወላጆቿ ሰው እንዳያያት ፈርተው ገና በሕፃንነቷ በአንዲት ክፍል ዘግተው ለዓመታት አኖሯት። በመጨረሻም ተአምር ይፈጸም ዘንድ ካስቴሎ ወደ ተባለች ከተማ ወሰዷት፤ ተአምሩ ሳይሆን በቀረ ጊዜ እዚያው ጥለዋት ሄዱ። የከተማይቱ ድሆች ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ አሳደጓት። እርሷም በዶመኒካውያን ሦስተኛ ማኅበር ገብታ ሕፃናትን እያስተማረች፣ በሽተኞችንና እስረኞችን እየጎበኘች ኖራ በ1320 ዐረፈች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሟን በቅዱሳን መዝገብ አስገቡ። መኳንንቱ ያፈሩባት ልጅ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ክብር ሆናለች።

ሁለተኛዋ እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደችው አን ናት። አባቷ ጄኔራል ሻርል ደ ጎል ናቸው፤ በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባን የጎበኙት ማለት ነው። አን ዳውን ሲንድረም ነበረባት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ ልጆችን ወደ ተዘጋ ተቋም መላክ የተለመደ ቢሆንም ወላጆቿ ከቤታቸው አላወጧትም፤ ከወንድሟና ከእኅቷ ጋር አሳደጓት። ጄኔራሉ በአደባባይ ፊታቸው የማይፈታ፣ ቁመታቸውም ንግግራቸውም የሚያስፈራ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ለአን ይዘፍኑላት፣ ይጨፍሩላት፣ ፊታቸውን እየለዋወጡ ያስቋት ነበር፤ እጇንም ይዘው በአጸዱ ውስጥ ይዘዋወራሉ። አን በ1948 በሃያ ዓመቷ በሳንባ በሽታ ዐረፈች። ወላጆቿ በስሟ ባቋቋሙት ድርጅት የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና ረዳት የሌላቸው ልጃገረዶች መጠጊያ አገኙ፤ ጄኔራሉም ከጻፉት የትዝታ መጽሐፍ የተገኘው ገቢ ለዚሁ ሥራ ዋለ። እርሳቸውም በ1970 ባረፉ ጊዜ በትንሿ መንደራቸው መካነ መቃብር ከልጃቸው ጎን ተቀበሩ።

ወንድሞቼ አባቶች ሆይ፤ ይህን ምሳሌ የመረጥሁት ለእናንተ ብዬ ነው። በብዙ ቤት ሸክሙ ሁሉ በእናት ጀርባ ላይ ይቀራል። አባት በልጁ ፊት ቢጫወትና ፊቱን ቢያጣምም ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል። ያ ጄኔራል ግን ክብሩ ሳይቀንስ ልጁን አሳቀ።

4. በሀገራችን የተከፈተው በር

በእኛም ሀገር ጓዳውን የከፈቱ ወላጆች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ከተረዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች አንድ ማዕከል ከፈቱ። ስሙን «ጆይ» አሉት፤ ትርጉሙ ደስታ ነው። ሰው ሁሉ መከራ ብሎ ለሚጠራው ነገር አንዲት እናት ደስታ የሚል ስም መስጠቷ ከሣራ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። በአማርኛ ፊደላት ድምፅ ላይ የተመሠረተ፣ ልጆቹ እንዲናገሩና እንዲያነቡ የሚረዳ ዘዴም አዘጋጅተዋል። ወይዘሮ ዘሚ እ.ኤ.አ. በ2021 ዐርፈዋል። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳም ዳውን ሲንድረም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ስለዚህ ሁኔታ በአደባባይ ተናግረዋል።

ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች፤ በዚህም መሠረት ልጆቹ ከእኩዮቻቸው ጋር የመማር መብት አላቸው። በሰሜን ጎንደር አካባቢ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ፕሮግራም ሲሠራ ቆይቷል። ወላጆች ልጃቸውን ወደ ጤና ተቋም መውሰድን ቸል ሊሉ አይገባም፤ ለምሳሌ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ልጆች ግማሽ የሚያህሉት የልብ ችግር አብሯቸው ይወለዳል፤ የመስማት ችግርም በብዙዎቹ ላይ ይታያል። «እንቢተኛ ነው» የምንለው ልጅ አንዳንዴ የማይሰማ ልጅ ነው። ጸበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ ሁለቱንም የሚሰጥ አንድ እግዚአብሔር ነው።

5. ሳቅ ኀዘንን አይሽርም

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር መጠንቀቅ ይገባል። አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ልብ እያለቀሰ ጥርስ ሊስቅ ይችላልና። ደክማ የመጣችን እናት «ሳቂ እንጂ፤ እግዚአብሔር የሚወድሽ ስለ ሆነ ነው የሰጠሽ» ብሎ ማለፍ ማጽናናት አይባልም። እርሷ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥታለች፤ ማገዶና ውኃ ይጠብቃታል፤ «እኔ ብሞት ማን ያየዋል?» የሚል አሳብም አይለያትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፣ ደባርቅም በተፈናቃዮች በተሞላች ጊዜ፣ መሮጥ የማይችል ወይም ጩኸት የሚያስደነግጠው ልጅ የነበራቸው ወላጆች ምን እንዳለፉ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያለች እናት በመጀመሪያ የሚያስፈልጋት አብሯት የሚያለቅስ፣ ቀጥሎም ለአንድ ከሰዓት ልጁን ይዞ እንድትተኛ የሚያደርጋት ጎረቤት ነው። ሳቁ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ሲመጣ ግን በደል እንደ ሠራች አትቁጠረው። ብዙ እናቶች በልጃቸው አንድ ነገር ስቀው ወዲያው ይጸጸታሉ፤ በኀዘን ቤት እንደ ሳቁ ይሰማቸዋል። የልጁ ቤት ግን ልቅሶ ቤት አይደለም፤ ልጁ በሕይወት አለ፤ ይበላል፤ ይቀልዳል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት ምክር፣ ልዩ ፍላጎት ያለውን ልጅ በፍቅር የተቀበሉ ቤተሰቦችን አመስግነው፣ ስለ ሕይወት ስጦታ ለቤተ ክርስቲያንና ለኅብረተሰቡ ምስክር እንደ ሆኑ አስተምረዋል።

6. በየዕለቱ ኑሮ የሚረዱ ምክሮች

ሀ/ ሳቁን ልጁ ይጀምረው። ከልጁ ዓይን ፈገግታን ጠብቁ። እርሱ ሲስቅ ሳቁ፤ እርሱ ሲያዝንና ሲቸገር ግን ነገሩ ምንም ያህል አስቂኝ ቢመስል አትሳቁ።

ለ/ ንግግሩን ወደ ጨዋታ ለውጡት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ቃልን እንደ ተነገረ ይይዘዋል። «እስቲ ጆሮህን ስጠኝ» ብትሉት ቀርቦ ጆሮውን ሊያስይዛችሁ ይችላል። ያን ጊዜ ጆሮውን ቀስ ብላችሁ ይዛችሁ «እንካ፣ አንተም የእኔን ያዝ» በሉት፤ ከዚያም ልትነግሩት የፈለጋችሁትን ንገሩት። ወርቁን ባያገኝም ሰሙን በትክክል ይዟልና አልተሳሳተም።

ሐ/ በፊቱ ስለ እርሱ አታውሩ። አይሰማም፣ አይገባውም ብለን የምናወራውን ብዙውን ይሰማል። በሌላ ሰው ፊት የምንተርከውም ቀልድ እርሱ ቢሰማው የሚያፍርበት እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

መ/ ሥራ ስጡት። ሥራ ያለው ልጅ የቤቱ ሰው ነው። ውኃ ማቅረብ፣ ዶሮ ማስገባት፣ ቆሎ ማዞር ትንሽ አይደለም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት ቢኖርም፣ ያቦካው ልጅ ግን በራቱ ላይ ድርሻ እንዳለው ያውቃል። የሚማረውንም ሥራ በትንንሹ ከፍሎ፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሥርዓት ደጋግሞ ማሳየት ይጠቅማል።

ሠ/ ዝግመትን አትፍሩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከእነዚህ ወላጆች ይልቅ የሚያውቀው የለም። ሌላው ልጅ በአንድ ቀን የለመደውን ቍልፍ መቈለፍ የእናንተው ልጅ በአንድ ዓመት ከለመደው፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚሆነው እልልታ የዓመት እልልታ ነው።

ረ/ ወንድሞቹንና እኅቶቹን አትርሱ። እነርሱም ይደክማሉ፤ አንዳንዴም ይቀናሉ። ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ጊዜ ስጧቸው። ውጭ ሰው ቢስቅበት ምን እንደሚመልሱ አስቀድማችሁ ብታለማምዷቸው ከጠብ ይድናሉ።

7. ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ሰዎች ከምሥጢራት ሊከለከሉ እንደማይገባ፣ ወንጌልን ከሌሎች የሚቀበሉ ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸውም መስካሪዎች እንደ ሆኑ ያስተምራል። ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ የሌለ፣ ጓዳ የቀረ ልጅ በቍምስናችሁ እንዳለ ጠይቁ። ወላጆቹ «ይረብሻችኋል» ቢሉ «እኛም እንረብሻለን» በሏቸው። በክፍል ውስጥ ረጅም ንግግር ከማድረግ ይልቅ መዝሙር፣ ሥዕል፣ ሻማና እንቅስቃሴ ተጠቀሙ። አንድ ተማሪ ቢስቅበት አትለፉት፤ ሁለቱን ሳቆች አስተምሯቸው።

ሌላም ምክር አለኝ። በጸሎተ ሐሙስ የኅጽበተ እግር ሥርዓት ሲፈጸም ካህኑን ውኃ የሚያቀብል ሰው ያስፈልጋል። ያን ጆግ ለእንዲህ ያለው ልጅ ስጡት። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ለማጠብ ዝቅ ባለ ጊዜ ጴጥሮስ ነገሩ ያልተገባ መስሎት እንደ ተቃወመ አስታውሱ (ዮሐ. 13፥6-8)። ልጁ ግን ጆጉን ከያዘ በኋላ ለማን ይገባዋል፣ ለማን አይገባውም ብሎ አይመርጥም።

መደምደሚያ

ከዚያች ሌሊት በኋላ በሌላ ጊዜ በዚያው መንገድ ሳልፍ ቤተሰቡን ልጠይቅ ጎራ ብዬ ነበር። ዕለቱ የጎረቤት ዝክር ሆኖ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ልጁ አድጓል፤ ሳፋውንና ጆጉን ይዞ ከሰው ሰው እየተዘዋወረ ያስታጥባል። ማንም «ጓዳ ግባ» አላለውም። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ታጥበው ሲመርቁት ቆም ብሎ ምርቃቱ እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ከዚያም ሌላውን እጃቸውን እያመለከተ «ይኼስ?» አላቸው። አንድ እጃቸውን ብቻ ነበር የታጠቡት። ሽማግሌው በመጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ልጁ ሳቀ፤ ቤቱ በሙሉም ተከተላቸው። እናቱ በዚያን ቀን አንገቷን አልደፋችም፤ ወጥ እየጨለፈች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እርሱን ማታለል አይቻልም!» አለች።

እግዚአብሔር ለሣራ የሰጠውን ሳቅ ለቤታችሁ ሁሉ ይስጥልን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ልዩ ፍላጎት ስላለው ልጅ የሚነገሩ ቃላት የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ «የሚስቁበት» የትኞቹ፣ «አብረውት የሚስቁ» የትኞቹ ናቸው?

2. በጎረቤታችን ከጓዳ የማይወጣ ልጅ አለን? በዚህ ሳምንት ለእናቱ የአንድ ከሰዓት ዕረፍት ልንሰጣት የምንችለው እንዴት ነው?

3. በቍምስናችን ሥርዓትና በዓል ውስጥ ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚሆን ሥራ የትኛው ነው?

4. ቤታችን የምንጠቀምበት ጨው አዮዲን የተጨመረበት መሆኑን እናውቃለንን? ለነፍሰ ጡሮችስ ይህን ማን ይነግራቸዋል?